ሙዚየም ስትሄዱ መጀመሪያ ቤቱን እዩት

«ሙዚየም እንሂድ» ባልኩ ቁጥር ጓደኞቼ የሚመልሱልኝ አንድ ነው፣ «ድንቅነሽን እኮ አይቻታለሁ»። በቃ አለቀ። ስድስተኛ ክፍል እያሉ ዩኒፎርም ለብሰው በሰልፍ ገብተው፣ ቲቸር ከኋላ «እንዳትነኩ!» እያለች፣ በ20 ደቂቃ ወጥተው ለስላሳ ጠጥተው የተመለሱትን ነው አይቻለሁ የሚሉት። እኔም እንደዛው ነበርኩ አልዋሽም። ከዛ አንዴ ከውጭ የመጣች ዘመዴን ላስጎበኝ ብዬ ስዞር ነው ነገሩ የገባኝ፣ ከዛ በኋላ ክልል ለስራም ለሰርግም ስሄድ «እዚህ ሙዚየም አለ እንዴ?» ማለት አመል ሆነብኝ።

የገባኝ ነገር ይሄ ነው። እኛ ጋ ከመሰረቱ ሙዚየም ይሁን ተብሎ የተሰራ ህንፃ ብዙ አይደለም። አብዛኛው ሰው የኖረበት፣ ሰው የሞተበት፣ ሰው የሰራበት ቤት ነው፣ እቃው በኋላ ነው የገባው። ስለዚ መስታወት ውስጥ ያለውን ከማየታችሁ በፊት ግድግዳውን፣ ደረጃውን፣ በሩን እዩ፣ «ይሄ ቤት በፊት ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ጋይዱ ራሱ ይሄን ጥያቄ ሲሰማ ነቃ ይላል፣ ያቺ በቃሉ የሸመደዳት ንግግር ትቆምና ወሬ ይጀምራል። (ዓመቶቹንም ሰዓቶቹንም በኛ አቆጣጠር ነው ምጽፈው፣ ውጭ ያላችሁ እንዳትሳሳቱ።)

ስድስት ኪሎ ጀምሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ለኔ ካገሪቱ አንደኛ ነው፣ ብሔራዊ ሙዚየም እንኳን ከሱ በኋላ ነው ሚመጣው። መታወቂያ ያዙ፣ የግቢው በር ላይ ፍተሻ አለ። ወደ ህንፃው ስትጠጉ ውጪ ላይ ወደ የትም የማይወስድ የሲሚንቶ ደረጃ ታያላችሁ፣ ወደ ሰማይ ወጥቶ ወጥቶ የሚቀር። ብዙ ተማሪ አራት ዓመት ሙሉ ስሩ ፎቶ ተነስቶ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይመረቃል። ጣልያን ነው የሰራው፣ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሎኒ ስልጣን ከያዘበት ከ1915 ጀምሮ ያለውን አንድ አንድ ዓመት ይወክላል። ጣልያን ሲባረር ደረጃውን አላፈረሱትም፣ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበትና ተዉት። ሰምና ወርቅ ማለት ይሄ ነው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ መስደብ።

ህንፃው ራሱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግስት ነው፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ የነበረ። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው፣ ከበሩ ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ ያለው የሰማዕታት ሀውልት ከዛ በኋላ ላለቀው ህዝብ ነው የቆመው። በ1953 ታህሳስ ደግሞ እነ ጀነራል መንግስቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግስት ሞክረው ሲከሽፍባቸው፣ ያገቷቸውን ባለስልጣናት የረሸኑት እዚሁ ቤት ውስጥ አረንጓዴው ሳሎን የሚባለው ክፍል ነው። በዓመቱ ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እንግዲህ ይሄን ሁሉ ይዛችሁ ነው ወደ ላይ ምትወጡት፣ እና ፎቅ ላይ የንጉሱና የእቴጌ መነን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት እስካሁን አለ። እኔ ወርቅ በወርቅ ነበር የጠበቅኩት፣ ያየሁት አልጋ፣ ገንዳ፣ መፀዳጃ፣ በቃ እንደ ሰው ቤት። ከሁሉም የቆየብኝ እሱ ነው።

የእቃው አቀማመጥም እንደ ሌላው ሙዚየም በብሄረሰብ ወይም በክልል የተከፋፈለ አይደለም፣ በሰው እድሜ ነው የተደረደረው፣ ከልጅነት ይጀምርና ጉልምስና፣ ከዛ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። ስለዚ ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ሂዱ፣ ከመሃል አትጀምሩ። ሌላ ምክር፣ እዚህ ቤት እናታችሁን ወይ አያታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ እናቴን ይዤ ሄጄ አንቀልባ ጋ ስንደርስ ጋይዱ ማብራራት ሲጀምር ቀማችው፣ ቆዳው እንዴት እንደሚለፋ፣ ዛጎሉ በምን እንደሚሰፋ፣ የበኩር ልጅ አንቀልባ ማን እንደሚያሰራ፣ እኔን ያዘለችበት ለማን እንደተላለፈ። ከኋላችን የነበሩ ሁለት ፈረንጆችም ቆመው ይሰማሉ፣ አማርኛ አይችሉም ግን ይሰማሉ። ጋይዱ መጨረሻ ላይ «እማማ በሳምንት አንድ ቀን ይምጡልን» አላት።

ከዛ በእግራችሁ ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ ውረዱ፣ ብሔራዊ ሙዚየም እዛው ነው። ስለ ድንቅነሽ ብዙ አልልም፣ በ1967 ህዳር ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የማታውቁት ምናልባት ለእይታ የቆመችው ኮፒ መሆኗን ነው፣ ኦሪጅናሉ ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው። ተታለልኩ እንዳትሉ ነው ቀድሜ የምነግራችሁ። እኔ ብሆን ሰላም ጋ ረዘም አድርጌ ነው ምቆመው፣ ዲኪካ ላይ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ያገኛት የ3 ዓመት ገደማ ህፃን ናት፣ ግን ከድንቅነሽ በ100 ሺ ዓመት ገደማ ትበልጣለች። ልጅ ሆና አያቷን በእድሜ የምትበልጥ እንደማለት ነው። ከሁለቱ በፊት ደግሞ አርዲ አለች፣ 4.4 ሚሊዮን።

መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከሌላ ነገር ጋር ደርባችሁ የምትሄዱበት ቦታ አይደለም። ለብቻው ቀን ስጡት፣ ከሱ በኋላም ቀጠሮ አትያዙ። በ2002 ነው የተከፈተው፣ እኔ ስሄድ መግቢያው በነፃ ነበር፣ መዋጮ ሳጥን አለ። የሟቾች ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶታል፣ ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅም፣ የለበሱት ልብስ፣ የኪሳቸው እቃ አለ። ከሚያስጎበኙት ውስጥ ራሳቸው ያኔ ታስረው የተገረፉ ሰዎች አሉ፣ ስለዚ ጥያቄ ስትጠይቁ ቀስ ብላችሁ። ከአክስቴ ጋር ሄጄ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር ሳትዘል ማየት ጀመረች፣ መፅሐፍ እንደምታነብ። ማንን እየፈለገች እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ስልካችሁን ኪሳችሁ አድርጉት እዛ ቤት፣ ሰልፊ የሚነሳ ሰው አይቼ አውቃለሁ፣ ደሜ ነው የፈላው። ህፃን ልጅም ባትወስዱ ይሻላል።

ልጆች ካሉዋችሁ መካኒሳ ዞማ ውሰዷቸው። ይሄኛው ከላይ «ከመሰረቱ ሙዚየም ተብሎ አልተሰራም» ካልኩት ህግ የሚወጣ ነው፣ ከመሰረቱ ነው የተሰራው ግን በጭቃ። ሰዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ዓመታት ፈጅተው አቁመውት በ2011 ለህዝብ ተከፈተ። ጭድና አፈር ተቦክቶ የሚለሰነው የአያቶቻችን ቤት ነው፣ ግን ግድግዳው ላይ ጭቃው እንደ ጥልፍ ተቀርፆበታል፣ ጠጋ ብላችሁ በጎን ብርሃን ካያችሁት ቅርፁ እየተንቀሳቀሰ ነው የሚመስለው፣ ለዛ ነው ጠዋት ወይ ወደ 10 ሰዓት አካባቢ ሂዱ ምለው፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ስለሌለ ቅርፁ ይጠፋል። ኤልያስ በውጪው ዓለም የሚታወቀው ከወዳደቀ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦና ሰርኪት በሚሰራው ስራ ነው፣ እኛ ምናለሽ ተራ የምንረግጠው ነገር ማለት ነው። አትክልቱ፣ የድንጋይ መንገዱ፣ ከብቶቹ፣ ልጅ ግማሽ ቀን አይሰለቸውም። አባቴ ግን ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ «ከዚህ ለመውጣት ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የለፋሁት» አለ፣ እሱም ልክ ነው።

ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ጋ ደግሞ የቴምብር ሙዚየም እንዳለ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ትንሽ ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ምኒልክ ፓሪስ ካሳተሟቸው የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ጀምሮ ስርዓት ሲቀየር ፊቱ ሲቀየር ታዩታላችሁ። ደብዳቤ ልካችሁ የምታውቁ ትውልድ ከሆናችሁ ሂዱ፣ ካልሆነ ይቅርባችሁ።

ከአዲስ አበባ ስትወጡ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዴ አንድ የክልል ከተማ (ስሙ ይቆየኝ) ግማሽ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄጄ ሙዚየሙ በር ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ዘበኛው «ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ለቅሶ ሄዷል» አለኝ። መቼ ይመጣል? «ለቅሶ ነው እኮ»። ምን አደርጋለሁ፣ በባጃጅ ለቅሶ ቤቱ ድረስ ሄድኩ፣ ድንኳን ውስጥ ገብቼ «እግዜር ያፅናችሁ» አልኩ፣ ንፍሮ ተሰጠኝ፣ ተቀመጥኩ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰውዬው ራሱ አዝኖልኝ ተነሳና አብረን ተመልሰን ከፈተልኝ፣ እስከ ማታም አስጎበኘኝ። ከዛ ወዲህ እንዲህ ነው ማደርገው፣ ከመሄዴ አንድ ቀን በፊት የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወይ እዛ ያለ የማውቀውን ሰው እደውልና «ቁልፍ ማን ጋ ነው?» እላለሁ። ክፍት ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፣ «አዎ ክፍት ነው» ነው ሚሏችሁ። ቁልፍ ማን ጋ ነው በሉ። ምሳ ሰዓት፣ ከ6 ተኩል እስከ 7 ተኩል ያለውን፣ አትሞክሩት። ዝርዝር ብር ያዙ፣ ቲኬቱ ለኛ ርካሽ ነው ግን መልስ የለም የሚባል በሽታ አለ፣ የካሜራ ለብቻው ሊያስከፍሉም ይችላሉ፣ ለጋይዱም ሻይ መጠጫ ነገር አትርሱ።

ለቀን ጉዞ መልካ ቁንጡሬ ይሻላል። ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ዳር። ሙዚየሙ ጎጆ ጎጆ ናቸው፣ በየጎጆው ውስጥ የድንጋይ መሳሪያና አጥንት ተደርድሯል። ትክክለኛው ነገር ግን ከጎጆዎቹ ወጣ ብላችሁ የተቆፈረው ቦታ ላይ ነው፣ የዛሬ ብዙ መቶ ሺ ዓመት ሰው ድንጋዩን የጣለበት ቦታ ላይ እንዳለ ተትቶ ጣራ ተሰርቶለታል። ቀና ብላችሁ ስታዩ ደግሞ ያው አዋሽ ይፈሳል። ቦታው ላይ ሰው ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖሮበታል፣ ከአጠገቡ ካለው ባልጭት ጋር በ2016 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ባልጭት ስሙ ራሱ ይናገራል፣ ባልጩት ነው፣ ያ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጨው ጥቁር ድንጋይ መሬቱ ላይ ተበትኖ ታገኙታላችሁ። አታንሱት፣ ኪሳችሁ አትክተቱት፣ አውቃለሁ ያምራል። መኪና ካላችሁ በዛው አዳዲ ማርያምን፣ ከዛ ጥያ ትክል ድንጋዮቹን አይታችሁ ማታ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ጫማ ወፍራም ሶል ያለው አድርጉ፣ እኔ በነጠላ ጫማ ሄጄ እሾህ ስለቅም ነው የዋልኩት።

ምስራቅ ከሄዳችሁ ድሬዳዋና ሐረርን አንድ ላይ አድርጉ፣ በመሃላቸው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ሚኒባስ ሞልቷል። ሐረር ጠዋት ነው ሚጎበኘው፣ ከሰዓት የበርጫ ሰዓት ነው፣ ከተማው ቀዝቀዝ ይላል ጋይዱም ልቡ ሌላ ጋ ነው። ጀጎል ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ያረጀ የእንጨት ቤት ውስጥ የሸሪፍ ሙዚየም አለ። የመንግስት አልነበረም ሲጀመር፣ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የሚባሉ የከተማው ሰው በራሳቸው ገንዘብ፣ ሰው ከቤቱ ሊጥለው ወይ ለፈረንጅ ሊሸጠው የነበረውን እየለቀሙ መጀመሪያ መኖሪያ ቤታቸው ነው ያሳዩት የነበረው። የእጅ ፅሁፍ ቁርአን፣ ጌጣጌጥ፣ ጎራዴ፣ በካሴት የተቀዳ የድሮ ዘፈን ሳይቀር አለ። መፅሐፎቹን ራሳቸው ነው የሚጠግኑት፣ በድሮው የሐረር አጠራረዝ። እኔን ያስቆመኝ ሳንቲሙ ነው። የሐረር አሚሮች የራሳቸውን ገንዘብ ያትሙ ነበር፣ መሐለቅ ይባላል፣ በጣት ጫፍ የምትያዝ ስስ ነገር። እኛ አማርኛ ላይ መሐለቅ እያልን የምንናገረውን ዞር ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

የራምቦ ቤትም እዛው ቅርብ ነው፣ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስሙን ከስፌት መኪና ጫጫታ ነው ያገኘው፣ ድምፁን ተከትላችሁ ሂዱ። ራምቦ በ20 ዓመቱ ገደማ ግጥም መፃፍ ትቶ በ1873 ለቡና ንግድ ሐረር የመጣ ፈረንሳዊ ነው፣ ለምኒልክም ጠመንጃ ሸጧል፣ በ37 ዓመቱ ማርሴይ ሞተ። እውነቱን ለመናገር ቤቱ እሱ ከሞተ በኋላ የህንድ ነጋዴ የሰራው ነው፣ ራምቦ አልኖረበትም። ግን ይሂዱ እላለሁ፣ ባለቀለም መስታወቱና የጣራው ስዕል ብቻ ይበቃል፣ እሱ ያነሳቸው የድሮ ሐረር ፎቶዎችም አሉ። ከሱ ስትወጡ አንድ የሐረሪ ቤት፣ ጌ ጋር፣ ግቡ። አምስት መደብ አለው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፣ ወለሉ ቀይ ነው፣ ሐረር በምኒልክ ጦር የተሸነፈችበትን የጨለንቆን ጦርነት ደም ለማስታወስ ነው ይላሉ። ዝም ብላችሁ ያገኛችሁት መደብ ላይ ዘፍ እንዳትሉ፣ የት ልቀመጥ በሉ።

ድሬዳዋ ለገሃር ያለው የድሮው ባቡር ግቢ ሙዚየም ተብሎ የተደራጀ ላይሆን ይችላል፣ ለኔ ግን ነው። ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 እዚህ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፣ ከተማዋ ራሷ ባቡሩ የወለዳት ናት፣ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር ስሟ። በሩ ላይ ፈቃድ ጠይቁ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ በድጋሚ ጠይቁ። ወርክሾፑ ውስጥ ከፈረንሳይ የመጡ ትላልቅ ማሽኖች፣ ጭስ የጠጣ ግድግዳ፣ የቆሙ ፉርጎዎች አሉ፣ የግራዝ ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል። ፈረንሳይኛ የሚያወሩ ሽማግሌ የባቡር ሰራተኛ ካገኛችሁ ቁጭ በሉ። ፉርጎ ማለት ራሱ ከነሱ ቋንቋ የቀረልን ነው፣ ለገሃርም እንደዛው።

ወደ ደቡብ ከወረዳችሁ ኮንሶ ካራት ላይ ዋካዎቹ ያሉበት ሙዚየም አለ። ዋካ ጀግና ሲሞት ከእንጨት የሚቀረፅ ሀውልት ነው፣ ለብቻው አይቆምም፣ ሚስቶቹ ከጎኑ፣ የገደለው ጠላት ወይ ነብር ከእግሩ ስር። በየመንደሩ ቆመው የነበሩት እየተሰረቁ ሲሸጡ ስለነበር ነው ወደ ሙዚየም የተሰበሰቡት። እና እንደ ቤተሰብ አብረው የቆሙትን እዩ፣ ነጠላውን አይታችሁ አትለፉ። የእንጨቱ ስንጥቅ፣ የአይኑ አጥንት፣ አንዳንዱ አፍንጫው ዝናብ በልቶት ለስልሷል። ከዛ የግድ መንደር ግቡ፣ ከ2003 ጀምሮ ዩኔስኮ የመዘገበው የድንጋይ ካብና እርከኑን ነው፣ ሙዚየሙ ያለመንደሩ ግማሽ ነው። ከአርባ ምንጭ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በጠዋት ተነሱ።

ጣና ገዳማት ደግሞ ሙዚየም አይባሉም፣ እቃ ቤት ነው ሚባለው። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምህረት ከባህር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ የነገስታት ዘውድና የብራና መፅሐፍ ያሳዩዋችኋል፣ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ስዕልም ለብቻው ሰዓት ይፈልጋል። ሴቶች ኡራ መግባት ትችላላችሁ፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለወንድ ብቻ ነው፣ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት እወቁት፣ ግማሹ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ ይወለቃል። የመንገዱን ሁኔታ እዛው ያለ ሰው ጠይቃችሁ ካላረጋገጣችሁ ግን ወደ ሰሜን እንዳትነሱ። ከሄዳችሁም ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ጣና ንፋስ አለው፣ 8 ሰዓት ላይ ባለጀልባው «በቃ እንሂድ» ካለ ቡናው ቢቀርም ተነሱ።